የምናሴ ራስ

ጭራቁ የምናሴን ራስ ሲቆርጠው ሲኒማ ቤቱ በጩኸት ይናጥ ነበር። ራሱን ለፊልሙ ከጎማ የሠራችው የሜካፕ ባለሙያዋ ናት። የተዋናዩን የምናሴን ፊት በጄሶ ቀርፃ፣ ደሙን ከማርና ከቀይ የምግብ ቀለም በጥብጣ፣ በድንጋጤ የፈጠጡትን ዓይኖች ከመስታወት ሠራች። ከሁሉም የምትኮራው በዓይኖቹ ነበር።

አንድ ቀን የምናሴ እናት የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ ይዘው ወደ ሥራ ቤቷ መጡ።

«ልጄ፣ ያንን የምናሴን ራስ ስጪኝ።»

«እማማ፣ ይሄ ሳሎን የሚቀመጥ ነገር እኮ አይደለም፤ እንግዳ ያባርርብዎታል» አለች እየሳቀች። «እሱስ እንዴት ነው? ሊቢያ ገባ ከተባለ ወዲህ ድምፁ ጠፋብኝ።»

እናትየው አቡጀዲውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ጀልባዋ ሰጠመች። ባሕሩ ምንም አልመለሰልኝም። የምቀብረው አጣሁ፣ ልጄ።»

ራሱን ከመደርደሪያው አወረደችው። ደሙን በሞቀ ውኃ አጥባ፣ አድርቃ አቡጀዲው ላይ አስቀመጠችላቸው። እናትየው ግንባሩን ዳበሱት። ዓይኖቹን ሊከድኑለት ጣቶቻቸውን ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱ። ደግመው አወረዱ።

«እንቢ አለኝ። አንቺው ክደኚልኝ።»

ለዓይኖቹ ቆብ አልሠራችላቸውም ነበር።