ይቅርታ የጠየቀው ልጅ

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ቤት ውስጥ የነበሩት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። አናጢው አባት ለአፍታ ወጣ ብሏል። ልጁ ሳንቃ አሳጥሮ በመቁረጡ ደንበኞች ፊት በጥፊ ከተመታ ወዲህ አባትና ልጅ አይነጋገሩም። አባትየው፣ «ይቅርታ ሳይለኝ ልጄ ብዬ አልጠራውም» ብሎ ምሏል።

እናቱ ምሳ እያቀረበች፣ «በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርታ በለው። አንዲት ቃል ምን ታጎድልብሃለች?» አለችው።

«ጥፊውን የቀመስኩት እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂውም እኔ? አልልም!»

«አይ! ቁርጥ አባትህን» ብላ ሳቀች።

ይሄኔ የአባትየው ሳል ከግቢ ተሰማ። ወዲያው ደግሞ፣ «አጥፍቻለሁ አባዬ፣ ይቅር በለኝ» የሚል ድምፅ ተከተለ። ድምፁ የራሱ የልጁ ነበር፤ ጉንፋን ከያዘው ጀምሮ ያለበት መጎርነን እንኳ አልቀረም።

እናትየው ጭልፋውን እንደያዘች የልጇን ከንፈር አየች። ግጥም እንዳለ ነው።

«በል እሺ፣ ልጄ» አለ አባትየው ከውጭ። በዚህ ዓይነት ለስላሳ አንደበት ጠርቶት አያውቅም። «ና ግባ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ።»

ልጁ ከወንበሩ ሳይነሳ የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ፣ «እማዬ፣ እላለሁ! አሁኑኑ ይቅርታ እለዋለሁ!» አላት።

በሩ ተከፈተ። እናትየው የገቡትን ሁለቱን አይታ ፊቷ በደስታ በራ። ከዚያ ቀሚሷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ለእንግዳ በሚሆን ትህትና፣ «ይነሱልኝ ጌታዬ፣ ወንበሩ የልጄ ነው» አለችው።

እሱም ተነሳ።