ሽቅብ ማጥቃት

ሳንቲሙ ዛሬም ከዳን፣ አለ ተሬፋ በልቡ።

የእጃጂ ልጆች ቢጫ ማሊያቸውን ለብሰው ሜዳው ላይ ሲደረደሩ ፊታቸው ወደ ላይኛው ጎል ነበር። ሽቅብ። በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ፣ በሁለተኛው ቀን ሽቅብ፣ በፍጻሜውም ቀን ሽቅብ።

አምቦ ላይ በክረምት ኳስ የተጫወተ ሰው ይህን ሜዳ ያውቀዋል። ተዳፋት ነው። የታችኛው ጎል አፍ መረሬ አፈር ነው። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች እስከ ስምንት ሰዓት ይጠፈፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ኳስ የትም አትሄድም። ጎል ከገባ የሚገባው ከዕረፍት በፊት ነው፤ ከዕረፍት በፊት ቁልቁል የሚያጠቃ ደግሞ ግማሹን አሸንፎ ነው ሜዳ የሚገባው። ዕጣ የወጣለት አምበል ሌላ አይመርጥም።

ተሬፋ የእጃጂን ቡድን ሃያ ሁለት ክረምት አሰልጥኗል። ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ይህ ክረምት የመጨረሻው እንደሆነ ለልጆቹ የነገራቸው ሰኔ ላይ ነው። «ለምን?» ሲሉት «ደከመኝ» አለ።

ሌሎቹ አሰልጣኞች መሀል መስመሩ ዳር እየተንጎራደዱ ይጮኻሉ። እሱ ወንበሩን ከላይኛው ጎል አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ያስቀምጣል። ዳገት ላይ ሆኖ ሜዳውን መግዛት ይወዳል ይሉታል።

አምበሉ ሚልኬሳ ወደ እሱ ሮጦ መጣ።

«ሳንቲሙ እምቢ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ዳኛው ማነው? አሁንም ያ ገብረአማኑኤል ነው?»

«እሱው ነው።»

«የሳንቲሙን ሁለቱንም ፊት አይተሃል?»

«ጋሼ ደግሞ! አንበሳም አለው፣ ሚዛንም አለው።» ሚልኬሳ ሳቀ።

ተሬፋ አልሳቀም። የገብረአማኑኤል ሚስት የአምቦ ልጅ ናት። የዛሬው ተጋጣሚም አምቦ ነው። የእጃጂ ልጆች ያለፉትን ሁለት ጨዋታዎች ሽቅብ ሮጠው አንድ ለባዶ ማሸነፋቸው ሰውየውን ሳያናድደው አልቀረም።

በሃያኛው ደቂቃ ሚልኬሳ ሁለት ተከላካይ አልፎ መታ። መረቡ ተሬፋ አፍንጫ ሥር ተርገበገበ። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነስቶ እንደ ሕፃን ዘለለ። ኮፍያው ወደቀ፤ አላነሳውም። ሚልኬሳ መጥቶ አቀፈው።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ! ሚልኬሳ!»

በዚህ ቡድን ጎል ያገባ ሁሉ እንዲህ ሮጦ መጥቶ ስሙን ይነግረዋል። ከመቼ ጀምሮ ልማድ እንደሆነ ማንም አያስታውስም።

ትንሽ ቆይቶ ከታች በኩል ጩኸት ተነሳ።

«ምንድነው?» አለ ተሬፋ።

«አገቡብን» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ተጠባባቂ፣ ሞሲሳ።

ከዕረፍት በፊት እንደገና ጮኹ። «ሁለተኛው» አለ ሞሲሳ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። የቀረው ጨዋታ ጭቃ ማቡካት ሆነ። ሁለት ለአንድ።

ሚልኬሳ ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «ይቅርታ፣ ጋሼ» ይላል። ደጋግሞ ይላል።

«አንተ ምን አጠፋህ? የሰረቀንን አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ የክስ ደብዳቤውን የወንድሙ ልጅ ሮሆቦት ጻፈችለት። ሁለት ጊዜ አስነበባት። ክሱ ተቀባይነት ካገኘ ጨዋታው ይደገማል። ካላገኘ ተሬፋ ዋንጫ ሳይነካ ቤቱ ይገባል።

«ሚልኬሳን ጠየቁት እንዴ?» አለች።

«ምኑን? ልጁ ገና እያለቀሰ ነው። ይልቅ እንሂድ።»

ክንዱን ይዛ አምቦ ወዳለው የውድድሩ ጽሕፈት ቤት ወሰደችው። በሩን እንደገቡ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ እንዴት አደሩ አለ።

«አከም ቡልተን፣ ኦቦ ተሬፋ?»

ድምፁን ሲሰማ የተሬፋ ደም ፈላ።

«ገብረአማኑኤል! ጥሩ ተገኘህ። ሳንቲምህን አውጣ!»

«የምን ሳንቲም?»

«ሦስት ቀን ልጄን ያታለልክበትን! ሦስቴ ተጥሎ ሦስቴም ለእኛ አልወጣ ያለ ምን ዓይነት ሳንቲም ነው? የሚስትህ ዘመዶች ናቸው የሰጡህ?»

ጠረጴዛው ጋ ያለችው ጸሐፊ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ዋጠችው። ዳኛው ሮሆቦትን አያት። ሮሆቦት መሬት መሬቱን አየች።

«ኦቦ ተሬፋ፣ ይህን ወረቀት ባያስገቡት ይሻላል።»

«ፈራህ!»

«አልፈራሁም። ሦስቱንም ቀን ዕጣው የወጣው ለሚልኬሳ ነው።»

«ውሸታም! ታዲያ ሽቅብ የመረጠው ማነው?»

ገብረአማኑኤል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱው ነው። ‹ወደ ላይ እናጠቃለን፤ ጋሼ የታችኛው ጎል አይታያቸውም› አለኝ።»