ማን ያነሳዋል?

ለጥናት መረጃ የምትሰበስበው ጠያቂ በመኪና ተገጭተው ለፖሊስ ሳይነገርላቸው የቀሩ ሰዎችን ፍለጋ ከቤት ቤት ትዞር ነበር። ከአስፓልቱ ዳር ወዳለች አንዲት ቤት ስትገባ፣ ከወገቡ በታች ሽባ የሆነ ወጣት አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘች። አንድ ጎልማሳ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ጀርባውን ያጥበዋል። ወጣቱ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"ከዛፍ ወድቆ ነው" አሉ እናቱ ወይዘሮ ዘነቡ። "መኪና አልነካውም።"

"እንዲህ ያለ ወንድም ስላለው እግዜር ይመስገን" አለች ጠያቂዋ፣ ሰውየውን እያየች።

እናትየው የልጃቸውን ትራስ አስተካከሉ።

ስትወጣ ሰውየው እስከ በሩ ሸኛት። እጁ ላይ ሳሙናው ገና አልደረቀም።

"እህቴ፣ ከዛፍ አልወደቀም" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሚኒባስ የገጨሁት እኔ ነኝ። እጄን ለፖሊስ ልስጥ ብዬ ብለምናቸው፣ አንተ ከታሰርክ ልጄን ማን ያነሳዋል ብለው ከለከሉኝ። ይኸው ቤቴን ዘግቼ እዚሁ ነው የማድረው። እባክሽ፣ አንቺ ተናገሪብኝ።"

ከውስጥ የወይዘሮ ዘነቡ ድምፅ ተሰማ።

"ልጄ፣ የት ሄድክ? ና አገላብጠው እንጂ!"

"መጣሁ፣ እማማ" አለና ተመለሰ።