ዝቅ ያለችው ሰባት

«ይሄ አረንጓዴ የትኩስ ጫት ነው» ትላለች እትዬ አረጋሽ፣ ዘንቢሏን ሱቄ በር ላይ አስቀምጣ። «የባቡራችን ያደረ ጫት ነበር። አጥቁረው!»

አቦ፣ ቀለም ሻጭ እኮ ነኝ! ጁባ ካስተም ገበያ ውስጥ ስለ አረንጓዴ ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ግን አልከራከራትም፤ ጥቁር ጠብ አደርግበታለሁ። ከባቡሩ ያለኝ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው። በድሬዳዋ ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ሃያ ዓመት የተሳፈረ ሰው ደግሞ ጁባ ውስጥ ከሷ ሌላ አላገኘሁም። ዛሬ ኒምራ ታላታ ሰፈር ምግብ ቤት አላት። ያኔ ብርቱካን ነጋዴ ነበረች።

የሠራሁት የፉርጎ አምሳያ ከክንዴ አይረዝምም። ግድግዳው የዘይት ቆርቆሮ፣ ወንበሩ የሳጥን ጣውላ ነው፤ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ከመስኮቱ በላይ ክሬም፣ ከታች አረንጓዴ፣ መሃሉ ላይ ቁጥሩ፦ 127። የዋናውን ፉርጎ ቁጥር የጻፈው አባቴ አልአሚን ነው። ይህን ግን አልነገርኳትም።

አዲሱን አረንጓዴ ስቀባላት እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። «ወይ ጉድ! እሱ ራሱ!» ጎንበስ ብላ በመስኮቶቹ ወደ ውስጥ ታያለች፤ የምታውቀውን ሰው የምትፈልግ ይመስላል። ከዚያ ጣቷ ቁጥሩ ላይ ይቆማል።

«ይሄ ግን የኔ ፉርጎ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? መቶ ሃያ ሰባት አይደለም እንዴ?» ድሬዎች ነን፤ እርስ በርስ አንቱታ አናውቅም። «ምኑን አጠፋሁብሽ?»

«የኔዋ ሰባት ዝቅ ያለች ናት። ከሌሎቹ በአንድ ጣት።»

ፊቴ ይግላል። መሳቢያ ውስጥ ገልብጬ ያስቀመጥኩትን ፎቶ አውጥቼ እሰጣታለሁ። አባቴ ብሩሹን ይዞ ፉርጎው አጠገብ ቆሟል፤ ከጀርባው ሰባቷ ወርዳለች። በሷ የተነሳ አለቃው ከመንገደኛ ፉርጎ አንስቶ ዕቃ ፉርጎ ላይ መደበው። የሰፈር ልጆች በአባቴ እያፌዙ፣ እጃቸውን እያንቀጠቀጡ ይከተሉኝ ነበር። ሌላውን ሁሉ ከፎቶው ልክ በልክ ገለበጥኩ፤ ሰባቷን ግን አቃናኋት። አባቴ ነው፣ ምን ላድርግ!

«አባቴ ነው» እላታለሁ። «እጁ ተንቀጥቅጦበት ነው።»

«ምን እጁ!» ትጮህብኛለች። «እኔ ነኝ የለመንኩት! ያኔ ማንበብ የት አውቅ? ኤረር ጣቢያ ላይ ወርጄ ብርቱካን ገዝቼ ስመለስ ፉርጎው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ዕቃዬ ያለበት ይጠፋኛል። ባቡሩ ሁለቴ ዕቃዬን ይዞብኝ ሄዷል። ‹ወንድሜ፣ ምልክት አድርግልኝ› አልኩት። ሰባቷን አወረደልኝ። እኔ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የብርቱካን ሴቶች ሁሉ ያቺን ሰባት አይተን ነበር የምንሳፈረው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?»

«ምልክት ናት ቢላቸው ወዲያው ያስፍቋት ነበራ! ለስህተት ብሎ ግን ማን ፉርጎ ያስቆማል? አለቃው ሲጮህበት ቅርጫቴ ላይ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ‹እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ጌታዬ› አለ። ያ እጀ ጽኑ ሰውዬ!»

ሱብሃነላህ። ውጭ የኡጋንዳ ከባድ መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። አንድ ደንበኛ ብቅ ብሎ ነጭ ቀለም ይጠይቀኛል፤ መደርደሪያው ሙሉ ነጭ ሆኖ ሳለ «ማፊ፣ የለም» ብዬ እሸኘዋለሁ። ልጆቹ ሰድበውኝ እያለቀስኩ ስገባ አባቴ ፊቴን ያጥበኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው እንዴ አንድ ቤት ያደግኩት?

ጨርቅ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ውስጥ ነክሬ ሰባቷን እጠርጋታለሁ። ቀጭኗን ብሩሽ አነሳለሁ። ጫፏን ቀለም ውስጥ እነክራለሁ። ከዚያ ሰባቷን እንደገና እጽፋለሁ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች በትንሹ ዝቅ አድርጌ።

እትዬ አረጋሽ ወደ በሩ ትመለሳለች። አቧራው መሃል ቆማ፣ ዓይኗን አጥብባ ከሩቅ ታያለች።

«እሷ ናት!» ትላለች፤ ጎንበስ ብላም ዘንቢሏን ታነሳለች።