የእትዬ ሐመልማል ቴሌቪዥን

«አሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ» ይላል ከዲሮ፣ ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ። «አርቦዬ ከተማ አንዱ አግኝቶ ሸጦት ቤት ሠራበት። ወላሂ።»

«ትናንት ጎበሳ ነው ያልከኝ» እለዋለሁ፣ ከምበይደው ሬዲዮ ቀና ሳልል። «ሰውየው ቤቱን በጋሪ ጭኖ ነው እንዴ የሚዞረው?»

ይስቃል፤ ዓይኑን ግን ከቴሌቪዥኑ አይነቅልም። ከዲሮ ቆራሌው ነው። አሮጌ ዕቃ ከየቤቱ ይለቅምና ለመዳቡ ሲል መስታወቱን በመዶሻ ያደቅቀዋል። ከመስታወቱ የሚወጣው እርሳስ የሚባል መርዛም ብረት ዞሮ ዞሮ የምንጠጣው ውሃ ውስጥ ይገባል ብለውም አይሰማኝም። ዛሬ ግን የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ከሱቄ ደጅ የተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ የሚሰበስብበት ቀን ነው፤ ይሄኛው ከመዶሻ ያመልጣል።

ይሄኛው የእትዬ ሐመልማል ነው። ራሳቸው በባጃጅ ይዘውት መጥተው ሱቄ ጥግ ተቀምጠዋል። የዳንቴል ልብሱን እስካሁን አልገለጡለትም።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የነበረው ቴሌቪዥን ይሄ ብቻ ነው። እሁድ ጠዋት ደጃቸው ላይ እንሰለፋለን፤ እግሩን ያልታጠበ ምንጣፋቸውን አይረግጥም። እሳቸው በጆግ ያፈሳሉ፣ እኛ አንዱን እግር በሌላው እናሻለን። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ እርጥብ እግራችንን ሲያገኘው ጥርሳችን ይንገጫገጫል። ከዚያ ገብተን ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ቤቱ የሳሙናና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ነበረው። እስከ ዛሬ ደስታ ሲባል የሚሸተኝ እሱ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ታጥቤ ጨርሼ ነበር። እትዬ ሐመልማል በሩን በትከሻቸው ዘግተው «እግርሽ አልጠራም፤ ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ። በዚያው ወር ሰፈር ቀየርን። የሰው ሬዲዮ እየፈታሁ ይሄን ሙያ ብቻዬን ስማር ያስተማረኝ ያ ቂም ነው፤ ዲፕሎማ አይሰጥም እንጂ ጎበዝ መምህር ነበር።

«መኪናው ሳይመጣ አንዴ ላብራው» እላቸዋለሁ። «ፊቱ አንዴ ልቀመጥ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ተዪው ልጄ። የሚሄድ ዕቃ ነው።»

«እሱን መክፈት ለእኔ አምስት ደቂቃ ነው።»

«ተዪው አልኩሽ።»

«ዛሬም እግሬ አልጠራም፣ እትዬ?»

እትዬ ሐመልማል ይነሱና ዳንቴሉን ከላዩ ያነሳሉ። መስታወቱ ላይ የራሴን ፊት አያለሁ፣ እንደ ልጅነቴ የተኮሳተረ።

የመኪናው ጥሩንባ ይሰማል። ከከዲሮ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን እናወጣዋለን።

«ክብደቱን አየሽው?» ይለኛል እያለከለከ። «ሜርኩሪው ነው።»

ከፍሪጆችና ከተሰባበሩ ኮምፒውተሮች መሃል፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው ይጭኑታል። መኪናው በብቅል ፋብሪካው አቅጣጫ ይታጠፍና ከዓይናችን ይሰወራል። ከዲሮ ጋሪውን እየገፋ ይሄዳል።

እትዬ ሐመልማል ዳንቴሉን ጉልበታቸው ላይ ለአራት ያጥፉታል። መልሰው ይዘረጉታል። እንደገና ያጥፉታል።

«ፀዲዬ» ይላሉ፣ ሳያዩኝ። «ያን ቀን እግርሽ ንጹሕ ነበር። ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥኑ ጨሶ ተቃጠለብን። ለሰፈር ልጅ ተቃጠለ ማለት አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልበራም።»