ጠብታ ውሃ

ለጥርሱ ብሎ የዋጠው አንቲባዮቲክ ጥርሱን አድኖ ሆዱን ገደለው። ከሽንት ቤት ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት ሲመላለስ ከረመ።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «መድኃኒቱ ክፉውንም ደጉንም ጀርም አብሮ ፈጀብዎት። ደጉ የሚመለሰው ከጤነኛ ሰው ሰገራ የተዘጋጀ እንክብል ሲውጡ ነው» አለችው።

«ከማንም ይምጣ፤ ብቻ ልዳን!»

ሰውዬው በነገር ግትር ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከጥጋቡ ጋር የአጥር ነገር ሆድና ጀርባ ካደረጋቸው ቆይቷል። ሽማግሌ በተላከ ቁጥር፣ «ከዚያ ጥጋበኛ ቤት ጠብታ ውሃ ብቀምስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» እያለ ይመልሳል።

እንክብሉን ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ሳምንት ሳይሞላ ሆዱ ረጋ፤ እንዲያውም ክትፎ አማረው።

«የሰጠኝን ሰው አምጡልኝ፤ ጉልበቱን ልሳም!» እያለ ሐኪሟን ነዘነዛት።

«እስኪድን ስሜን አትንገሩት ብሎን ነበር። ውጭ ቆሟል» አለችና በሩን ከፈተችው።

ጥጋቡ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«ጋሼ» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «መሐላህን አላስፈረስኩህም። ከቤቴ የቀመስከው ውሃ አይደለም።»