ወደ ግድግዳው ዞሮ

ሲስተር ስጦታ የዘመነን እናት ነጠላ ገለጥ አድርጋ እጇ እዚያው ቀረ።

ደረቷ ላይ ከነበሩት አምስት ተለጣፊዎች ሦስቱ ተላቅቀው በሽቦዎቻቸው ተንጠልጥለዋል። የቀሩት ሁለቱም ጠርዛቸው ተነሥቷል። ከአንገቷ በታች ያለው ገላ ሁሉ አመድ መስሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እምነት ነው፣ ልጄ» ትላለች እናቱ ይርገዱ። «የኪዳነምሕረት እምነት። ማታ ያን ልጥፍጥፍ አነሣሁና ደረቴን ቀባሁት፤ ከዚያ መልሼ ለጠፍኩት። ይሄን የአንገቴን ሳጥንም ነካ አድርጌዋለሁ፣ እሱም ይባረክ ብዬ።»

ሲስተር ስጦታ ልትስቅ ትልና ትተወዋለች። የምታየው እናቱን አይደለም፤ ዘመነን ነው።

«አንተ አላየኸውም?»

«የሳጥኑ መብራት… ብልጭ ድርግም ይል ነበር። የሚሠራ መስሎኝ።»

«እሱ ባትሪ አለኝ ማለቱ ነው። ሰው ባይኖርበትም ብልጭ ይላል።»

ትናንት ሳጥኑን ከእናቱ አንገት ላይ ስታንጠለጥል የነገረችው ቃል በቃል ይታወሰዋል። «ይሄ የልባቸውን አመታት ቀን ከሌሊት ይመዘግባል። አንተ የተማርክ ነህ፣ ላንተ ነው የምነግርህ። ማታ ግለጥና እይ፤ የላላ ካለ በአውራ ጣትህ ጫን በለው።» እሺ ብሏት ነበር።

የእናቱ እንቅርት ከክረምት ወዲህ ትንፋሽ ይከለክላታል። ተጋድማ መተኛት ካቆመች ቆይታለች፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታንቀላፋው። እንቅርት የሚያወጡ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ደባርቅ መጥተዋል ሲባል ከዳባት ማዶ ካለው ቀዬአቸው አምጥቷት፣ አክስቱ ቤት አሳደራት። ሐኪሞቹ ዛሬ ወደመጡበት ይመለሳሉ።

ማታ ከኋላው ሽቦው ሲንኮሻኮሽ፣ አንድ ነገር ከቆዳ ላይ ጠረር ብሎ ሲላቀቅ ሰምቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የእናት ገላ ነዋ። አባቱ በሕይወት ሳሉ የኖኅን ልጆች ነገር ደጋግመው ያወሩለት ነበር፤ አንዱ የአባቱን ዕርቃን አይቶ ተረገመ፣ ሁለቱ ግን የኋሊት ሄደው፣ ሳያዩ አልብሰውት ተመረቁ። ዘመነ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ እያየ፣ ሐሳቡ ከሊማሊሞ ጉም ጋር ገደል ለገደል ሄደ።

«እማ፣ እንዳለ ነው?» አለ ሳይዞር።

«እንዳለ ነው። ተኛ።»

ጠዋትም ጠየቃት። ጠዋትም እንዳለ ነው አለችው።

ሐኪሙ ካፖርቱን ለብሶ ይገባል። ውጭ መኪና ላይ ዕቃ ሲጫን ይሰማል። ሲስተር ስጦታ ሳጥኑን ከኮምፒውተሩ ጋር ታገናኘዋለች፤ የእናቱ ልብ መስመር ሆኖ ይመጣል። ይሮጣል፣ ይደነቃቀፋል፣ እንደገና ይሮጣል። ከዚያ ዝርግ ይላል። ሐኪሙ ወደፊት ይገፋዋል። ዝርግ ነው። ደግሞ ይገፋዋል።

«እስከ ማታ ያለው ራሱ አያምርም» ይላል ቀስ ብሎ። «ሌሊቱን ሳላይ ደግሞ ማደንዘዣ አልሰጣቸውም። ተኝተው ሊቀሩ ይችላሉ።»

«እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አሉ!» ትላለች እናቱ። የሚስቅላት የለም።

«አሁን እንደገና ቢታሰርላትስ?» ይላል ዘመነ። «እኔ አያለሁ። ዓይኔን አልነቅልም።»

«አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይፈልጋል፣ ወንድሜ። እኛ ከምሳ በፊት እንወጣለን። ጎንደር ውሰዳቸው፤ እዚያ ጊዜ ወስደው ያዩአቸዋል።»

እናቱ ራሷን ትነቀንቃለች። «ጎንደርስ አልሄድም። ቢላዋ ካልቀረልኝ እዚሁ በአገሬ፣ ታቦቴ ሳይርቀኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ የኪዳነምሕረት ፈቃድ ነው።»

ዘመነ ያውቃታል። አልሄድም ካለች አትሄድም።

«ማታ እንድታይ የተነገረህ አንተ ነበርክ አይደል?» ይላል ሐኪሙ ወደ እሱ ዞሮ።

«ልጄን አይቆጡብኝ፣ ጌታዬ» ትላለች እናቱ ፈጥና። ትንፋሿ በመሀል ይቆረጣል፤ ቆም ብላ ትስበዋለች። «ጨዋ ነው። ያን ሳነሣ ሳስቀምጥ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው ያደረው። ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ ማን አለው?»

ሐኪሙ የዘመነን ትከሻ ነካ አድርጎ ይወጣል።

ሲስተር ስጦታ የቀሩትን ሁለቱን ትልጣለች። በነበሩበት ላይ አመዱ ያልነካው ክብ ክብ ቆዳ ይቀራል። ከጎኑ፣ ከሳሳው ደረቷ ላይ፣ በአጥንትና በአጥንት መካከል አንድ ነገር ይዘላል። ሁለቴ ፈጠን ፈጠን ይልና ይጠፋል። ዘመነ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። ይመለሳል።

«ዞር በል እንጂ፣ ዘመነ» ትላለች እናቱ፣ በእጇ ነጠላዋን እየፈለገች።

አይዞርም።